«ተመላላሽ»፣ «ደጅ ጥናት» እና «ጅረት»፦ የቅጽበታዊ መልእክት ታሪክና የስያሜው ጉዳይ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእንግሊዝኛ «ሪል ታይም» እየተባለ የሚጠራው ጽንሰ ሐሳብ ከየት ተነሥቶ ወደ ማኅበራዊ መገናኛ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር መተግበሪያዎች እንደ ደረሰ በአጭሩ መመልከትና፣ ከታሪኩም በመነሣት ለአማርኛው ስያሜ የሚበጀውን መጠቆም ነው። ስያሜ ከታሪክ ተለይቶ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የቃል ቅጂ ከመሆን አያልፍም፤ ቃሉ ይተረጎማል፣ ነገሩ ግን ሳይተረጎም ይቀራል። በዚህ ጉዳይ በተለይ፣ እንግሊዝኛው ራሱ የተለያዩ አሠራሮችን በአንድ ስም ሸፍኖ ስለሚይዝ፣ አማርኛው እርሱን ብቻ ተከትሎ ቢሄድ ልዩነቱን ለአንባቢ ሊያሳይ አይችልም። ልዩነቱም የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከዚህ በታች እንደሚታየው፣ አንድ መልእክት ለተቀባዩ በምን መንገድና በማን ፈቃድ እንደሚደርሰው የሚወስን ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. የጽንሰ ሐሳቡ መነሻ

ወሬ በተፈጸመበት ሰዓት እንዲደርስ መፈለግ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነገር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኒውዮርክ ከተማ የአክሲዮን ደላሎች የገበያውን ዋጋ የሚያውቁት ተላላኪ ልጆችን ከመሥሪያ ቤታቸው ወደ ገበያው አዳራሽ እያመላለሱ ነበር። በ1867 ኤድዋርድ ካላሃን የተባለ የቴሌግራፍ ባለሙያ በሽቦ የሚመጣውን ዋጋ በቀጭን የወረቀት ጥብጣብ ላይ እያተመ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው ሲያትም ከሚያሰማው ድምፅ የተነሣ «ቲከር» ተባለ። ከዚያ በኋላ ደላላው ተላላኪ መላክ አላስፈለገውም፤ ዋጋው ሳይጠየቅ ወደ ጠረጴዛው ይመጣ ጀመር። ይህን ልዩነት አንባቢው እንዲያስታውሰው እንፈልጋለን። ሄዶ የሚጠይቅ ተላላኪና ሳይጠየቅ የሚያደርስ ሽቦ የዚህ ታሪክ ሁለት ጫፎች ናቸውና።

«ሪል ታይም» የሚለው ሐረግ ግን የተወለደው ከኮምፒዩተር ጋር ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ከ1944 ጀምሮ ለባሕር ኃይሉ የአብራሪዎች ማሠልጠኛ የሚሆን፣ የአውሮፕላንን ጠባይ አስመስሎ የሚያሳይ መሣሪያ ለመሥራት ጥናት ተጀመረ። ጥናቱ እያደገ ሄዶ «ዊርልዊንድ» የተባለውን ኮምፒዩተር አስገኘ፤ መሣሪያውም በ1951 ሥራ ጀመረ። የሒሳብ መኪናዎች እስከዚያ ድረስ የተሰጣቸውን ስሌት በፈለጉት ጊዜ ፈጽመው ውጤቱን ያወጡ ነበር። ሠልጣኙ አብራሪ መሪውን ሲያዞር ግን መሣሪያው እውነተኛው አውሮፕላን በሚመልስበት ፍጥነት መልስ መስጠት ነበረበት፤ ቢዘገይ መልሱ ትክክል ቢሆንም እንኳ ዋጋ የለውም። ስለዚህ «ሪል» የተባለው ከውሸት ተለይቶ አይደለም። በመሣሪያው ውስጥ ካለው የስሌት ጊዜ ተለይቶ፣ ከመሣሪያው ውጭ በገሃዱ ዓለም የሚያልፈው ጊዜ ማለት ነው። ይኸው አስተሳሰብ በኋላ ከራዳር የሚመጣውን መረጃ እየተከተለ ለሚሠራው የአሜሪካ የአየር መከላከያ ሥርዓት፣ ቀጥሎም የአሜሪካን አየር መንገድና የአይቢኤም ኩባንያ አብረው ላቋቋሙት «ሴብር» ለተባለው የአውሮፕላን መቀመጫ መመዝገቢያ መሠረት ሆነ።

እንግዲህ የቃሉ ጥንታዊ ፍቺ ፍጥነት አይደለም፤ ቀጠሮ ማክበር ነው። ድርጊቱና ዜናው ጎን ለጎን እንዲሄዱ ማድረግ ነው።

2. ጭውውት በመስኮት ላይ

ይህ አሠራር ከወታደርና ከአየር መንገድ ወጥቶ ወደ ተራ ሰዎች ጭውውት የገባው በ1973 ነው። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት በተዘጋጀው «ፕላቶ» በተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ «ቶክኦማቲክ» የተባለ ፕሮግራም ተሠራ። ተጠቃሚዎቹ በየመስኮታቸው ፊት ተቀምጠው ሲጻጻፉ አንዱ የሚጽፈው ፊደል በፊደል እየተከታተለ በሌላው ዘንድ ይታይ ነበር። በ1988 ያርኮ ኦይካሪነን የተባለ ፊንላንዳዊ በኦውሉ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ሰዎች በአንድ መድረክ በጽሑፍ የሚነጋገሩበትን «አይአርሲ» የተባለ ሥርዓት ፈጠረ። በ1996 ደግሞ በእስራኤል የተቋቋመው ሚራቢሊስ የተባለ ኩባንያ «አይሲኪው» የተባለውን መተግበሪያ አወጣ። ይህ መተግበሪያ በተጠቃሚው ጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ሁልጊዜ ተከፍቶ የሚቀመጥ፣ ወዳጁ መግባቱንና መውጣቱን የሚነግር፣ መልእክት ሲመጣ በድምፅ የሚያስታውቅ ነበር። ዛሬ በማኅበራዊ መገናኛ መተግበሪያ ላይ የምናየው ልማድ አብዛኛው ከዚህ የተወረሰ ነው።

3. የማይንቀሳቀሰው ገጽ

በ1990ዎቹ ዓመታት የተስፋፋው ድረ ገጽ በባሕርዩ ከእነዚህ የተለየ ነበር። ድረ ገጽ የተፈጠረው ሰነድ ለማንበብ ነው፤ አንባቢው ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ ይመልሳል፣ ግንኙነቱም በዚሁ ያበቃል። ሰርቨሩ አዲስ ነገር ቢያገኝ እንኳ አስቀድሞ ያልጠየቀውን አንባቢ ጠርቶ የሚነግርበት መንገድ አልነበረውም። አዲስ ነገር መኖሩን ለማወቅ አንባቢው ራሱ ገጹን ደግሞ ደጋግሞ መክፈት ነበረበት።

ይህን ችግር ለማለፍ ሦስት ዘዴዎች ተከታትለው መጡ።

የመጀመሪያው ዘዴ ፕሮግራሙ ራሱ በአንባቢው ፋንታ በየተወሰነ ጊዜ እየሄደ «አዲስ ነገር አለን?» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «የለም» ነው፤ ጥያቄው ግን አይቋረጥም። ይህ የኒውዮርኩን ተላላኪ ልጅ ይመስላል። በሐኪም ቤት አልጋ ሳይዝ እየመጣ የሚሄደውን ሕመምተኛ «ተመላላሽ» እንደምንለው፣ ይህንንም አሠራር ተመላላሽ ብንለው ለአማርኛ ተናጋሪ ወዲያው ይገባዋል።

ሁለተኛው ዘዴ ፕሮግራሙ ጠይቆ ሳይመለስ እዚያው እንዲቆይ ማድረግ ነው። ሰርቨሩ የሚሰጠው ነገር ከሌለው «የለም» ብሎ አያሰናብትም፤ ጥያቄውን ይዞ ያቆየዋል፣ አዲስ ነገር ሲገኝ ብቻ ይመልሳል። ጠያቂውም መልሱን ይዞ ሄዶ ወዲያው ተመልሶ ይቆማል። ለዚህ አሠራር ከራሳችን ታሪክ የሚቀርበው ምሳሌ ደጅ መጥናት ነው። ሹመት ወይም ፍርድ ፈላጊው ጉዳዩን አሰምቶ ወደ አገሩ አይመለስም ነበር፤ ከጌታው ደጅ ውሎ ያድራል፣ ይጠራል በሚባልበት ሰዓት እንዳይታጣ ይጠብቃል። በ2006 አሌክስ ራስል የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራም ሠሪ እንዲህ ላሉ አሠራሮች «ኮሜት» የሚል ስም አወጣላቸው። የስሙ ምክንያት ቀልድ ነው። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2005፣ ገጽን ሳይዘጉ መረጃ ለመቀያየር የሚያገለግለው ዘዴ «ኤጃክስ» ተብሎ ነበር፤ ኤጃክስና ኮሜት ደግሞ በአሜሪካ ገበያ የሁለት የታወቁ የቤት ዕቃ ማጽጃ ዱቄቶች ስም ናቸው። እንዲህ ያለውን ስያሜ ቃል በቃል መተርጐም ምን ያህል ከንቱ ድካም እንደሚሆን አንባቢው ይገነዘባል።

ሦስተኛው ዘዴ አንድ ጊዜ የተከፈተው መንገድ ሳይዘጋ እንዲቆይና መልእክቱ በመጣ ቁጥር በዚያው እንዲፈስ ማድረግ ነው። ይህ የቲከሩ ሽቦ ነው። ለድረ ገጽ የሚያገለግለው «ዌብሶኬት» የተባለው ደንብ በታኅሣሥ 2011 በይፋ ወጣ። ለዚህ አሠራር «ጅረት» የሚለው ቃል ይስማማዋል። በአንዳንድ የስልክና የኮምፒዩተር ገጾች ላይም «ዥረት» እየተባለ ገብቷል።

4. ትዊተርና የጠረጴዛ ኮምፒዩተር መተግበሪያዎች

እነዚህ ሦስት ዘዴዎች በአንድ ቦታ ተራ በተራ ሲፈተኑ የሚታዩት በትዊተር ታሪክ ውስጥ ነው። ትዊተር በ2006 ሲከፈት ከ140 ፊደላት ያልበለጠ አጭር መልእክት የሚለጠፍበት ድረ ገጽ ነበር። ኩባንያው መልእክቶቹ በሌሎች ፕሮግራሞች አማካይነት እንዲነበቡና እንዲላኩ ለውጭ ፕሮግራም ሠሪዎች በሩን ክፍት አደረገ።

በጥር 2007 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የሚገኘው አይከንፋክቶሪ የተባለ አነስተኛ ድርጅት ለማኪንቶሽ ኮምፒዩተር «ትዊተሪፊክ» የተባለውን መተግበሪያ አወጣ። ይህ መተግበሪያ ለቃላት ተመራማሪ ልዩ ትኩረት የሚሰጠው ነው። የወፍ ምስልን ለትዊተር ምልክት አድርጎ የተጠቀመው፣ መልእክቱንም «ትዊት» ብሎ በመተግበሪያ ላይ የጻፈው ከኩባንያው በፊት እርሱ ነበር። በሰኔ 2013 የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን በዚህ ፍቺው ሲመዘግብ፣ አንድ አዲስ ቃል ቢያንስ 10 ዓመት ካላገለገለ አይገባም የሚለውን የራሱን ልማድ ማለፍ ግድ ሆኖበታል። የአንድ ዓለም አቀፍ ኩባንያ መለያ የሆነው ቃል ከኩባንያው ሳይሆን በደጁ ከሚሠሩት የውጭ ባለሙያዎች መስፋፋቱ፣ ስያሜ ከባለቤት ይልቅ ከተጠቃሚ እንደሚወለድ የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ ነው።

በ2008 ኢያን ዶድስዎርዝ የተባለ እንግሊዛዊ «ትዊትዴክ» የተባለውን መተግበሪያ አወጣ። የዚህ መተግበሪያ ልዩ መልክ ዓምዶቹ ናቸው። አንዱ ዓምድ የወዳጆችን መልእክት፣ ሌላው ለተጠቃሚው በስም የተላከውን፣ ሦስተኛው የግል ደብዳቤውን፣ ሌሎቹ ደግሞ አንድን ርእሰ ጉዳይ ብቻ ያሳያሉ። ስለዚህም ጋዜጠኞችና ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ የሚከታተሉ ሰዎች ወደዱት።

ዓምዶቹ ግን ይንቀሳቀሱ የነበረው በተመላላሽ ጥያቄ ነው። ኩባንያው ሰርቨሮቹ እንዳይጨናነቁ የጥያቄውን ቁጥር ገደበ፤ ገደቡ ለብዙ ጊዜ በሰዓት 150 ጥያቄ ነበር። ይህ ለአንድ ዓምድ ቢውል በየ24 ሴኮንዱ አንድ ጥያቄ ይደርሳል። በሦስት ዓምድ ቢካፈል ግን ለየዓምዱ በየ72 ሴኮንዱ፣ በዐሥር ዓምድ ቢካፈል በየ4 ደቂቃው ብቻ ይሆናል። ተጠቃሚው ብዙ ለማየት በፈለገ መጠን የሚያየው ነገር እየዘገየ ይሄዳል ማለት ነው። ይህ መተግበሪያ «ሪል ታይም» ይባል እንጂ፣ በቃሉ ጥንታዊ ፍቺ ሲመዘን አልነበረም።

በ2010 ትዊተር «ዩዘር ስትሪምስ» የተባለውን የጅረት አገልግሎት አቀረበ፤ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር መተግበሪያዎችም ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች መካከል ነበሩ። ከዚያ ወዲህ መልእክቱ በተጻፈ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ዓምዱ ላይ ይታይ ጀመር። «ገጹን አድስ» የሚለውን ቁልፍ መጫን አላስፈለገም፤ የሰዓት ገደቡን መቁጠርም ቀረ። ተላላኪው ልጅ ሥራውን አጥቶ ሽቦው ተተካ።

5. የደጁ መዘጋት

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የዕድገት ታሪክ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ከ2011 ጀምሮ ኩባንያው የውጭ ፕሮግራም ሠሪዎች የራሱን መተግበሪያ የሚመስል ሌላ መተግበሪያ እንዳይሠሩ ማሳሰብ ያዘ። በዚያው ዓመት ትዊትዴክን ገዛ። በነሐሴ 2012 ባወጣው ደንብ አንድ አዲስ የውጭ መተግበሪያ ያለ ልዩ ፈቃድ ከ100,000 በላይ ተጠቃሚ እንዳይኖረው ወሰነ።

በነሐሴ 16 ቀን 2018 ጅረቱ ራሱ ተዘጋ። ኩባንያው የሰጠው ምክንያት ቴክኖሎጂው ያረጀ መሆኑን ነበር። በምትኩ የቀረበው አገልግሎት ዋጋ ለ250 ተጠቃሚዎች በወር እስከ 2,899 ዶላር ስለሚደርስ፣ ለአነስተኛ መተግበሪያ ሠሪዎች የሚቻል አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ትዊትቦት» የተባለው መተግበሪያ መልእክቶቹን በየአንድ ወይም በየሁለት ደቂቃው እየጠየቀ ማምጣት ጀመረ፤ ትዊተሪፊክም ጅረቱን አጣ። መስኮቱ፣ ዓምዱና ወፉ እንደ ነበሩ ናቸው። አሠራሩ ግን ከጅረት ወደ ተመላላሽ፣ ማለትም ከ2010 በፊት ወደ ነበረበት ተመለሰ። ለማኪንቶሽ የተሠራው የትዊትዴክ መተግበሪያ በሐምሌ 2022 ቆመ። በጥር 2023፣ ኢሎን መስክ ኩባንያውን ከገዛ ከሦስት ወር ያህል በኋላ፣ የውጭ መተግበሪያዎች ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ሥራ አቆሙ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ክልከላው በደንብ ተጻፈ። ትዊተሪፊክ 16 ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ትዊተር ስሙን ወደ «ኤክስ» ሲለውጥ፣ በድረ ገጽ የቀረው ትዊትዴክም ስሙ ተለውጦ የሚከፈልበት ሆነ።

ከዚህ የምንማረው፣ የመልእክት ቅጽበታዊነት የተቀባዩ መሣሪያ ጠባይ አለመሆኑን ነው። የላኪው ደጅ ጠባቂ የሚሰጠው ፈቃድ ነው፤ በሰጠበት እጁም ሊነሣው ይችላል። ተመላላሹም፣ ደጅ ጠኚውም፣ ከጅረቱ ግርጌ የተቀመጠውም በአንድ ነገር እኩል ናቸው፤ ምንጩ የሌላ ሰው ነው። «ሪል ታይም» የሚለው ስም ይህን አይናገርም።

6. ስለ አማርኛው ስያሜ

አሁን በጽሑፎችና በትርጉም ሥራዎች ላይ የሚታዩትን ስያሜዎች ከታሪኩ አንጻር እንመልከት።

ሀ/ «በእውነተኛ ጊዜ»። ይህ ቃል በቃል የተደረገ ትርጉም ነው። በአማርኛ «እውነተኛ» የሐሰተኛ ተቃራኒ ነው፤ እውነተኛ ምስክር፣ እውነተኛ ወዳጅ እንላለን። «እውነተኛ ጊዜ» የሚለውን የሚሰማ ሰው ሐሰተኛ ጊዜ የቱ እንደ ሆነ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የእንግሊዝኛው «ሪል» የገሃዱን ዓለም ጊዜ ከስሌቱ ጊዜ ለመለየት የገባ መሆኑን ከላይ አይተናል፤ ይህ ፍቺ በአማርኛው ቃል ውስጥ የለም። ስለዚህ ስያሜው ቢቀር ይሻላል እንላለን።

ለ/ «ቀጥታ»። በሬዲዮና በቴሌቪዥን «የቀጥታ ስርጭት» የሚለው ጸንቷል፤ ሊነካም አይገባም። ነገር ግን ቃሉ የሚያመለክተው መንገዱን፣ ማለትም በመካከል ሳይቀረጽና ሳይዘገይ ከቦታው መተላለፉን ነው። ለድምፅና ለምስል ስርጭት ብቻ ቢቆይ ይመረጣል።

ሐ/ «ዝማኔ»። ይህ ለእንግሊዝኛው «አፕዴት» የተሰጠ ነው። አንድን ፕሮግራም ከአሮጌ ወደ አዲስ ይዞታ ማሸጋገር ማዘመን ቢባል ከ«ዘመነ» ጋር ይስማማል። ወዳጅ የላከው አዲስ መልእክት ግን አልዘመነም፤ ደረሰ እንጂ። እንግሊዝኛው ሁለቱን በአንድ ቃል ስለ ጠራ አማርኛው የመደባለቅ ግዴታ የለበትም። ለዚህኛው «አዲስ መልእክት» ይበቃል።

መ/ «ቅጽበታዊ»። ቅጽበት ከግእዝ የመጣ ሲሆን፣ መነሻው በዓይን መጥቀስ ነው፤ «ቅጽበተ ዓይን» ሲባል ዓይን ተርገብግቦ የሚመለስበት አጭር ጊዜ ነው። ቃሉ በሰው ዘንድ የታወቀ፣ ለመርባትም የሚመች ነው። ቅጽበታዊ፣ ቅጽበታዊነት፣ በቅጽበት ማለት ይቻላል። ከሁሉም ይልቅ መለኪያው የሰው ዓይን መሆኑ ከነገሩ ጋር ይስማማል፤ መዘግየቱ በተቀባዩ ዓይን ካልታወቀ መልእክቱ ቅጽበታዊ ነውና።

የመንገዶቹን ስም በሚመለከት፣ አማርኛ መሣሪያን በመንገዱ መሰየም አዲስ ነገር አይሆንበትም። «ስልክ» ከዐረብኛ የተወረሰ ቃል ነው፤ በምንጩ ቋንቋ ሽቦ ማለት ነው። ቴሌፎን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ሲገባ ሕዝቡ የሰየመው በሚታየው ሽቦ ነው። ዛሬ ሽቦ የሌለውንም ስልክ እንላለን፤ ስሙ ከመንገዱ ይልቅ ዕድሜ አግኝቷል። ስለዚህ የሚከተሉትን ለውይይት እናቀርባለን።

ቅጽበታዊ፦ ቅጽል። (መልእክት፣ ዜና) ድርጊቱ ወይም ጽሑፉ ከተፈጸመበት ጊዜ ተቀባዩ ዘንድ እስኪደርስ በሰው ዘንድ የሚታወቅ መዘግየት የሌለው።

ተመላላሽ ጥያቄ፦ ስም። መተግበሪያው አዲስ መልእክት መኖሩን ለማወቅ በየተወሰነ ጊዜ ለሰርቨሩ የሚያቀርበው ጥያቄ።

ደጅ ጥናት፦ ስም። ሰርቨሩ አዲስ መልእክት እስኪያገኝ ድረስ መልስ ሳይሰጥ የሚያቆየው ጥያቄ። (ቃሉ የልመና ስሜት አለው የሚል ካለ «የቆይታ ጥያቄ» ሊባል ይችላል። ነገር ግን ያ ስሜት የአሠራሩን ጠባይ የሚገልጽ ስለሆነ ባይለቅ እንመርጣለን።)

ጅረት፦ ስም። አንድ ጊዜ ተከፍቶ በሚቆይ መስመር አዲስ መልእክት ሳይጠየቅ በመጣ ቁጥር የሚፈስበት አሠራር።

በዚህ አከፋፈል መሠረት የትዊተር መተግበሪያዎችን ታሪክ በአንድ ዐረፍተ ነገር መናገር ይቻላል፦ እስከ 2010 በተመላላሽ ጥያቄ ሠሩ፤ ከ2010 እስከ 2018 በጅረት ቅጽበታዊ ሆኑ፤ ከ2018 እስከ 2023 ወደ ተመላላሽ ተመለሱ፤ ከዚያም ደጁ ተዘጋ። ሦስቱም ዘመናት «ሪል ታይም» በሚለው አንድ ቃል ቢጠሩ ይህ ሁሉ ለውጥ ከአንባቢ ዓይን ይሰወር ነበር።

ተጠቃሚው በመተግበሪያው ላይ «ቅጽበታዊ» የሚል ቃል ሲያነብ፣ መልእክቱ በተመላላሽ ይምጣ ወይስ በጅረት፣ ጅረቱንስ ማን ከፍቶ ማን ሊዘጋው እንደሚችል መጠየቅ የሚያስችል ቃል በገዛ ቋንቋው ሊኖረው ይገባል። በኮምፒዩተር ሙያ፣ በጋዜጠኝነትና በትርጉም ሥራ ላይ የተሰማሩ አንባብያን ከላይ በቀረቡት ስያሜዎች ላይ በሥራቸው ያገኙትን ተቃውሞም ሆነ የተሻለ ቃል ቢልኩልን፣ በሚቀጥሉት እትሞች ለማውጣት ዝግጁዎች ነን።